በወሎ ወላጆች ለታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ የሚሰጡበት ልማድ

በወሎ፣ በከተማም ሆነ በገጠር፣ ወላጆች ለልጆቻቸው አንቲባዮቲክ የሚፈልጉት በአብዛኛው ለሳል፣ ለተቅማጥ፣ ለጉሮሮና ለጆሮ ሕመም ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ሲሆን ጉንፋን ግን የቫይረስ ሕመም ነው፤ የሕፃናት ተቅማጥም በብዛት እንዲሁ። ይሁንና ሲያስል ያደረ ሕፃን ታቅፋ ለነጋባት እናት ጥያቄው የተዋሲያኑ ዓይነት ሳይሆን ሕመሙ ይጠናል ወይስ ይለቃል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ቋንቋው ራሱ ያወሳስበዋል። «ምች» የሚባለው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል የሚያስከትል፣ ዳማከሴ ታሽቶ ጭማቂው የሚጠጣለት ሕመም ነው። «የሳንባ ምች» ደግሞ በስም ብቻ የሚቀራረበው፣ ብዙ ጊዜ በባክቴሪያ የሚመጣና በጊዜው ካልታከመ ሕፃን የሚገድል ሌላ በሽታ ነው። በስሙ የተነሣ ዳማከሴ እየተሞከረ ሁለት ሦስት ቀን የሚያልፍበት ቤት አለ፤ በጎረቤቱ ቤት ደግሞ ለተራ ጉንፋን የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ይገዛል። መድኃኒቱን ያለ አግባብ መውሰድና በሚያስፈልግበት ሰዓት ማጣት በአንድ ቀበሌ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

የሳንባ ምችን ከተራ ጉንፋን ለመለየት በጤና ኬላ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ሰዓት ልብሱን ገልጣ የደረቱንና የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠረች ትንፋሹ ፈጣን ነው፣ ይህም የሳንባ ምች ምልክት ነው፤ መጥባት ያቃተው ወይም ያንቀጠቀጠው ልጅ ግን በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኞቹ የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ አያክሙም ነበር፤ ይህ የተፈቀደው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከጤና ጣቢያ ርቀው ገደል ለገደል ለሚኖሩት የደላንታና የወግዲ ቤተሰቦች ይህ ለውጥ ትልቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት መዘረፋቸው አገልግሎቱን ክፉኛ ጎድቶታል።

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ይበልጥ የተለመደው በጠርሙስ የሚሸጠው፣ አሞክሳሲሊን የተባለው የአንቲባዮቲክ ዱቄት ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ተጨምሮበት ይበጠበጣል፤ አረፋው ሲረግፍ ፈሳሹ ከምልክቱ ዝቅ ስለሚል እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። ይህች ሁለተኛ ሙሌት ከተዘለለች መድኃኒቱ ከታሰበው በላይ ይወፍራል። በየቤቱ ያለው የሻይ ማንኪያም መጠኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተረፈው ነው፦ ልጁ በሦስተኛው ቀን መጫወት ሲጀምር መድኃኒቱ ይቆምና ጠርሙሱ ለሚቀጥለው ሳል ወይም ለታናሹ ይቀመጣል። የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከ7 ቀን በላይ አይቆይም፤ እንደ ባቲና ከሚሴ ባለው ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ፈተናውን ያባብሰዋል።

ለተቅማጥ ሕክምናው ኦ.አር.ኤስ. እና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚታሰበው በዋናነት ደም ሲቀላቀልበት ነው። የጉሮሮ ሕመም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ አብዛኛው በራሱ ቢድንም፣ በባክቴሪያ የመጣው ሳይታከም ሲቀር የልብ በር የሚያበላሽ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መፍትሔ አይደለም፤ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጣል።

በሕጉ አንቲባዮቲክ የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ነው። በተግባር ግን ባዶውን ፓኬት ይዞ መጥቶ «ይህንኑ ስጠኝ» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ሻጩም ደንበኛው ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት እንደሚሄድ ስለሚያውቅ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ማዘዣ የማይጠየቅበት አንድ ሕጋዊ አጋጣሚ አለ፤ ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ለመከላከል የሚካሄደው ዘመቻ። በአማራ ክልል አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ለታመመውም ላልታመመውም ይታደላል፤ ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ያገኛሉ። ልጁ ምልክት ከተደረገበት ዘንግ አጠገብ ቆሞ ቁመቱ ይለካና በዚያ ልክ ይሰጠዋል። ጤነኛ ልጇ እንዲህ ሲውጥ ያየች እናት ነገ ለሚያስለው ልጅ ለምን እንደተከለከለች ማስረዳት ለጤና ሠራተኛዋ ቀላል አይሆንም።