የመኖ ኢንዛይም የደህንነት ፍተሻ ምንድን ነው?

በእህል፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውሁድ ተይዞ የተቀመጠ ነው። ዶሮና አሳማ በራሳቸው አቅም እምብዛም ስለማይፈቱት ከኩስ ጋር ይወጣል። ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም መኖ ላይ የሚጨመረው ይህን እንዲፈታ ነው፤ የተለመደው መጠን በአንድ ኪሎ መኖ 500 ዩኒት (የኢንዛይሙ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ፈቃድ የሚያገኘው የኅብረቱ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ከመረመረው በኋላ ነው።

ኢንዛይሙ ራሱ ብዙ አያሠጋም። ፕሮቲን ስለሆነ እንስሳው ይፈጨዋል። የሚያሠጋው ያመረተው ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ትቶት የሚያልፈው ነገር ነው፦ መርዝ፣ በሕይወት ያለ ሕዋስ፣ አንቲባዮቲክን የሚቋቋም ዘረመል። ስለዚህ ለፍተሻ የሚቀርበው ከማሟያ ዱቄትና ከመሸፈኛ ጋር ያልተደባለቀው ጥምቅ፣ ማለትም ሻጋታው ወይም ባክቴሪያው ካመረተው የተገኘው ጥሬ ዝግጅት፣ መሆን አለበት። የገበያውን ምርት ይዞ የቀረበ ሰው በአብዛኛው የመረመረው ማሟያ ዱቄቱን ነው።

አንዱ ፍተሻ ዝግጅቱ ዘረመል ይለውጥ እንደሆነ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ላይ የሚያይ ነው። ለዚህ የሚመረጠው ባክቴሪያ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ካልተሰጠው አያድግም፤ ዘረመሉ ተለውጦ ሂስቲዲን ራሱ መሥራት ሲጀምር ግን ሳህኑ ላይ ይፈላል። ችግሩ፣ የኢንዛይም ዝግጅት ሂስቲዲን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ባክቴሪያው ምንም ሳይለወጥ ያድግና ጤነኛው ምርት ጎጂ ይመስላል። መፍትሔው ባክቴሪያውን ከናሙናው ጋር አቆይቶ፣ ካጠቡት በኋላ ሳህን ላይ መዝራት ነው። ከዚህ ሌላ አይጦች ለ90 ቀን እየተመገቡት ይታያሉ።

የሥጋ ዶሮ ፍተሻ ከተፈለፈሉበት ቀን አንስቶ 35 ቀን ይፈጃል። አንዱ ቡድን ያለ ኢንዛይም፣ ሌላው በተመከረው መጠን፣ ሦስተኛው በብዙ እጥፍ ይመገባል። ክብደት፣ የበሉት መኖና ሞት ይመዘገባል። መቶ እጥፉን፣ ማለትም በኪሎ 50,000 ዩኒት፣ ያለ ጉዳት ከቻሉት የደም ምርመራ አይጠየቅም፤ በ10 እጥፍ ብቻ የሞከረ ግን ደም መመርመር አለበት። ሙከራን ከንቱ የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ጫጩቱ ሳይሆን መኖው ነው። በእንፋሎት ተሞቆ ሲጨመቅ 80 ዲግሪ ያለፈ እንደሆነ ኢንዛይሙ ሊሞት ይችላል፤ ጫጩቶቹ መቶ እጥፍ በሉ ሲባል የበሉት ባዶ መኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየመኖው ናሙና ተወስዶ የኢንዛይሙ ኃይል ይለካል።

የሠራተኛው ነገር ሲነሳ ክርክር የለም፦ ማንኛውም ኢንዛይም በትንፋሽ ሲገባ አለርጂና አስም እንደሚያመጣ ተደርጎ ይወሰዳል፣ ሙከራም አይጠበቅም። የሚለካው የብናኙ መጠን ነው። የተሸፈነ ቅንጣት ከዱቄት ያነሰ ይበናል። ከረጢቱን ወደ ማደባለቂያ የሚገለብጠው ሰው ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማስክ ያስፈልገዋል፤ ጨርቅ አይበቃም።