ትንንሽ ልጆች ሒሳብን እየጻፉ ሲማሩ

ልጅ በሒሳብ ደብተሩ ላይ ከቁጥር ሌላ ሐሳቡንም መጻፍ ይችላል። መልሱን እንዴት እንዳገኘው፣ የቱ ጋ ግራ እንደገባው ያሰፍራል። ዘዴው ከኬጂ ጀምሮ ይሠራል። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ይሥላል፤ ወይም እሱ እየተናገረ መምህሯ ትጽፍለታለች።

በዚህ ዙሪያ በጣም የምወደው የማርቲን ሂውዝ ጥናት ነው። ሂውዝ በስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ከትንንሽ ልጆች ጋር የጣሳ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ጥናቱ በ1986 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጣ። መልካቸው አንድ የሆነ አራት ጣሳዎች አሉ። በአንዱ ሦስት፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው አንድ መጫወቻ ጡብ ይቀመጣል። አራተኛው ባዶ ነው። ተከድነው ቦታቸው ሲቀያየር ልጁ ያለው ምርጫ መገመት ብቻ ነው። ከዚያ ክዳኖቹ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ለመለየት የሚረዳውን ነገር እንዲያሰፍርበትም እስክሪብቶ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ለራሱ ብቻ የሚገባውን ነገር ጫረ። አንዳንዱ ጡቦቹን ሣለ። ሌላው በጡቦቹ ልክ መስመር አሰመረ። ቁጥር የጻፈም ነበር። ጨዋታው ሲደገም ብዙዎቹ በራሳቸው ምልክት ተመርተው ጣሳዎቹን ለዩ። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ሳይቀሩ!

በአንጻሩ በዚያው ጥናት ትምህርት የጀመሩት ልጆች የጡቦችን መደመርና መቀነስ በወረቀት እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ በየቀኑ ደብተራቸው ላይ የሚጽፏቸውን የ+ እና የ− ምልክቶች አልተጠቀሙም። ምልክቱን ያውቁታል፤ ከጡቦቹ ጋር ግን አላገናኙትም።

የ= ምልክትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ 145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች 8 + 4 = □ + 5 ተሰጣቸው። ትክክለኛው መልስ 7 ነው። ሁሉም 12 ወይም 17 አሉ። 12 ያለው ልጅ ምልክቱ «ውጤቱን አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ይመስለዋል። ለመምህሩ ✗ ማድረግ ቀላል ነው። ለምን 12 እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስጽፈው ግን የተሳሳተበትን ቦታ ያገኘዋል።

የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ የሒሳብ ሐሳብን መግለጽን ከዋና ዋና ክህሎቶች መድቦታል።

ልጁ የሚጽፈው በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ ማረም ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ አለበለዚያ ሐሳቡን ትቶ ለፊደሉ ይጨነቃል። ተማሪ በበዛበት ክፍል ሁሉንም ደብተር በአንድ ቀን ማንበብ አይቻልም። በየቀኑ የተወሰኑትን ማየት፣ የቀሩት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል።