«ውጫዊ» ሃይማኖተኛ ማለት አስመሳይ ማለት አይደለም

የሥነ ልቦና ሰዎች «ውስጣዊ» እና «ውጫዊ» ሃይማኖታዊ ዝንባሌ ይላሉ። ብዙ ሰው «ውጫዊ» ሲባል ለታይታ የሚጸልየው ይመስለዋል። አይደለም። ጥያቄው ሰውየው ለምን ያምናል ነው፤ ሥርዓቱን በአደባባይ ፈጸመ አልፈጸመ ቦታ የለውም።

ክፍፍሉ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጎርደን ኦልፖርት ከማይክል ሮስ ጋር በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ነው። ውጫዊው ሃይማኖቱን ይጠቀምበታል፣ ውስጣዊው ይኖረዋል ይላሉ።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። አንዷ ስለቷ ደርሶላት ጃንጥላ ይዛ ትወጣለች። አንዱ ጓደኞቹ ስለሄዱ ነው። ሌላዋ ሐዘን ከብዷት መጽናኛ ፍለጋ። አንዲት እናት ደግሞ ምንም አትጠይቅም፤ እምነቷ ስለሆነ ትሄዳለች፣ አለቀ። በኦልፖርት ሚዛን ውስጣዊዋ እሷ ናት። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ጎርሰችና ማክፈርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ውጫዊውን ለሁለት ከፈሉት፦ ለራሱ መጽናኛ የሚሻና ለማኅበራዊ ኑሮ የሚሻ። ሐዘንተኛዋና ጓደኞቹን የተከተለው የተለያዩት ያኔ ነው።

እውነት ለመናገር ሚዛኑ ለወሎ ይጠብባል። ወዳጃ (ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት የወሎ ሥርዓት) ላይ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ የታመመ ይጠየቃል። ዱዓው የት አልቆ ጉርብትናው የት እንደሚጀምር ማን ይለየዋል? ደግሞ ሁለቱም ዝንባሌ አንድ ሰው ላይ ሊገኝ ይችላል። ኦልፖርትና ሮስም የውስጣዊውንም የውጫዊውንም መጠይቅ «አዎ» የሚሉ ምእመናን አጋጥመዋቸዋል። በሌላ ዘር ላይ ከሁሉም የባሰ ጥላቻ የታየው እነዚሁ ምእመናን ዘንድ ነበር።