«አንድ ደረጃ ብቻ ናት» እና ሌሎች የተሳሳቱ ግምቶች

በዊልቸር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ሰው ካፌም ሆነ አዳራሽ ከመምረጡ በፊት ይመቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ይደውላል። የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ቅን ነው፤ ግን ማንም ሜትር ይዞ አልለካውም።

«አንድ ደረጃ ብቻ ናት፣ ተሸክመን እናስገባዎታለን»
እኔ በጣም የምጠላት ይህቺን ነው። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሰው ሳይቀመጥበት እንኳ ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞስ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው እንደ ሻንጣ መነሳት ለምን ይፈልጋል?

«ራምፕ አለን»
ራምፕ ማለት በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት ነው፤ የቁልቁለቱስ ነገር? በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ራምፕ ትፈልጋለች። እንዲህ ያሉ ሦስት ደረጃዎች ደግሞ 5 ሜትር ከ40። ስለዚህ ሦስት ደረጃ ላይ የተጋደመች አጭር ሳንቃ ራምፕ ሳትሆን ሸርተቴ ናት፤ ሲወጡባት ወደ ኋላ ትገለብጣለች፣ ሲወርዱባት ወደ ፊት ትደፋለች።

«በሩ ሰፊ ነው»
የሚለካው በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት ነው፤ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ቢሆን ይመረጣል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለመዞር 1 ሜትር ከ50 ያህል ባዶ ወለል ያስፈልጋል። ባዶ ማለቴ ባዶ ነው፦ በልኩ የተሠራው ክፍል የባልዲ፣ የመወልወያና የትርፍ ወንበር ማከማቻ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

«ካርታው ላይ የዊልቸር ምልክት አለው»
ጥሩ መነሻ ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን በተጀመረው ዊልማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ማንም ሰው መረጃ መሙላት ይችላል። አረንጓዴው ምልክት ዊልቸር ሙሉ በሙሉ ያስገባል ማለት ሲሆን፣ ቢጫው በሩ ላይ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የምትደርስ አንድ ደረጃ ያለበትንም ቦታ ይጨምራል። ለአንዱ ይቺ ምንም አይደለችም፤ ሌላውን ከበር ትመልሰዋለች።

«ለዊልቸር ከተመቸ ለሁሉም ይመቻል»
በክራንች ለሚሄድ ሰው ረጅም ራምፕ፣ የእጅ መደገፊያ ካለው አጭር ደረጃ ይልቅ ሊያደክመው ይችላል። የሚያንሸራትት ወለልም ጠላቱ ነው።

ስለዚህ ሲደውሉ «ይመቻል?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ» ይባላሉ። ይልቅ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጠረጴዛው ስንት ደረጃ እንዳለ ይጠይቁ፤ የመግቢያውንና የመጸዳጃ ቤቱን በር ፎቶ ያስልኩ። «ሊፍት አለ» ካሉዎት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ዛሬ ይሠራል?