የፍጥነት ልምምድ ለቤንች ፕረስ፦ ለወሎ ብረት ገፊዎች የተዘጋጀ አጠቃላይ ዳሰሳ

የፍጥነት ልምምድ በፓወርሊፍቲንግ ስፖርት ቤንች ፕረስን፣ ማለትም አግዳሚ ላይ ተንጋልሎ ብረት መግፋትን፣ ለማሳደግ የሚዘወተር የሥልጠና ዘዴ ነው። ስፖርተኛው ከማክሱ፣ ማለትም አንዴ ብቻ ሊገፋው ከሚችለው ትልቁ ኪሎ፣ ግማሽ ያህሉን ይጭናል። ከዚያ ያንን ቀላል ብረት ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አሰልጣኞች ዳይናሚክ ኤፈርት ይሉታል። በአማርኛ ስለ ዘዴው የተጻፈ ነገር እምብዛም አይገኝም። በደሴና በኮምቦልቻ ግን ጂም ገብቶ ቤንች የማይሠራ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ብረቱም ጉልበቱም አለ፤ የጎደለው ሥርዓት ያለው ሥልጠና ነው።

ስፖርቱና ሕጉ

ፓወርሊፍቲንግ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ቤንች ፕረስና ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) የሚባሉ ሦስት እንቅስቃሴዎች አሉት። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ተወዳዳሪ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል።

በውድድር ቤንች ላይ ጭንቅላት፣ ትከሻና መቀመጫ ከአግዳሚው አይነሱም። እግር መሬት ይረግጣል። አውራ ጣት ብረቱን መዞር አለበት። በሁለቱ አመልካች ጣቶች መካከል ያለው ርቀት ከ81 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ብረቱ ደረት ላይ ወርዶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ዳኛው «ፕረስ» ይላል። ደረት ላይ አንጥሮ መግፋት፣ በየጂማችን የተለመደው ዓይነት፣ በውድድር ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ ክርኑ ቢያንስ እስከ ትከሻ መጋጠሚያ የላይኛው ክፍል ድረስ መውረድ እንዳለበት ተደንግጓል።

ዘዴው ከየት መጣ

የሐሳቡ ሥር ያለው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ነው። ቭላዲሚር ዛትሲዮርስኪ የተባለው የስፖርት ሳይንስ ሊቅ ጡንቻን ከፍተኛ ኃይል እንዲያወጣ ማስገደጃውን ለሦስት ከፍሎታል። አንደኛው በጣም ከባድ ኪሎ ማንሳት ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ኪሎን እስከ ድካም መደጋገም ነው። ሦስተኛው ቀላል ኪሎን በተቻለ ፍጥነት ማንቀሳቀስ ነው።

ይህንን ሦስተኛውን መንገድ ዓለም ያወቀው በአብዛኛው በሉዊ ሲሞንስ በኩል ነው። ሲሞንስ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዌስትሳይድ ባርቤል የተባለውን ጂም የመሠረተ ሰው ነው። ራሱም ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወገቡ ዳግም ሲጎዳ የተለመደውን አሠራር ትቶ የሶቪየት አሰልጣኞችን ጽሑፎች ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ሳምንቱን ከፋፈለው። ረቡዕ ለከባድ ቤንች፣ የሳምንቱ መጨረሻ ለፍጥነት ቤንች ሆነ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 72 ሰዓት ዕረፍት ይኖራል። በፍጥነት ቀን 8 ወይም 9 ዙር፣ በየዙሩ 3 ድግግሞሽ ይሠራል። በዙሮቹ መካከል ያለው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። የእጅ አያያዙም ጠበብና ሰፋ እየተደረገ ይቀያየራል። ሲሞንስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ነው። ዘዴው ግን ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

ፍሬድ ሃትፊልድ የተባለው ሌላ አሜሪካዊም መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ45 ዓመቱ፣ 460 ኪሎ ስኳት ሠርቷል። የእሱ ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፦ ብረቱ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀለለ ይመጣል፤ ስለዚህ ሲቀልል ግፊቱን አትቀንስ፣ ጨምርበት።

ሳይንሱ

የፍጥነት ልምምድ ቀላል ልምምድ አይደለም። ይህ ካልገባ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል በኪሎው ብቻ አይወሰንም፤ ብረቱ ምን ያህል እንደተፋጠነም ይወስነዋል። ሃምሳ ኪሎን በዝግታ የሚገፋ ሰው የሃምሳ ኪሎ ኃይል ብቻ ነው የሚጠቀመው። ያንኑ ብረት ሊወረውረው እንደፈለገ የሚገፋ ሰው ግን በመነሻው ላይ ከዚያ በጣም የበለጠ ኃይል ያወጣል። ነርቭም ትልልቆቹን የጡንቻ ክሮች ቶሎ መጥራት ይለምዳል።

የሚከተሉት ቁጥሮች ከስፔን ተመራማሪዎች፣ በተለይ ከጎንዛሌዝ ባዲዮና ከሳንቼዝ ሜዲና፣ የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ከማክሱ 50 በመቶ የጫነ ሰው ብረቱን በአማካይ በሰከንድ 0.95 ሜትር ያህል ይገፋል። በ60 በመቶ ወደ 0.78፣ በ80 በመቶ ወደ 0.47 ይወርዳል። ማክስ ላይ ሲደርስ 0.16 አካባቢ ይሆናል። ይህን ወደ ጂም እናምጣው። ብረቱ ከደረት እስከ ክንድ መዘርጋት 40 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል እንበል። በ60 በመቶ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ማክስ ሲሆን ሁለት ሰከንድ ተኩል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ስልክ ያለው ሁሉ ፍጥነቱን መለካት ይችላል። ስልኩን ከጎን አቁሞ መቅረጽ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከሆነ፣ ብረቱ ደረትን ከለቀቀበት ክንድ እስከተዘረጋበት ድረስ ያሉት ምስሎች ይቆጠራሉ። 60 በመቶ ተጭኖ ከ15 ምስል ብዙ ካለፈ ወይ ኪሎው ከብዷል ወይ ሰውየው ደክሟል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሌላ ጥናትም ተጠቃሽ ነው። ሁለት የወንዶች ቡድን ለ6 ሳምንት አንድ ዓይነት ኪሎና አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ሠሩ። አንደኛው ቡድን በሙሉ ፍጥነት፣ ሌላው በግማሽ ፍጥነት ገፋ። የፈጣኑ ቡድን ማክስ በ18.2 በመቶ፣ የዝግተኛው በ9.7 በመቶ አደገ። ኪሎው አንድ፣ ድግግሞሹ አንድ፣ ውጤቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት ይሠራል

በወሎ ጂም ከመስፋፋቱ በፊት ወጣቱ በየግቢው ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ በብረት ቧንቧ አገናኝቶ ሲያነሳ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በርካታ ተቋማትና የንግድ ቤቶች ተዘረፉ። ወጣቱ ስፖርቱን አልተወም።

ዛሬም ብዙ ቦታ የብረት እጥረት አለ። ሁለት ሰው ከባድ ኪሎ ከጫነ ሦስተኛው ቆሞ ይጠብቃል። የፍጥነት ልምምድ እዚህ ላይ ይመቻል፤ የሚፈልገው የማክሱን ግማሽ ያህል ኪሎ ብቻ ነው። ማክሱ 100 ኪሎ የሆነ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት 50፣ በሁለተኛው 55፣ በሦስተኛው 60 ኪሎ ይጭናል። በአራተኛው ወደ 50 ይመለሳል። አካሉን ካሟሟቀ በኋላ ዋናው ሥራ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም።

በቤት በተሠራ ብረት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ጣሳዎቹን ወፍጮ ቤት ወይም እህል ነጋዴ ዘንድ ወስዶ አንድ በአንድ ያስመዝን። በዓይን እኩል የሚመስሉ ሁለት ጣሳዎች በኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ። በዝግታ ሲገፋ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። በፍጥነት ሲገፋ ግን ብረቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ የሚጎዳውም ትከሻ ነው። ከተመዘነ በኋላ ኪሎው በቀለም ይጻፍበት። ጣሳው እንዳይንሸራተትም ጫፉ በደንብ ይታሰር።

የብረቱ አወራረድም ልብ ይባል። ብረት ደረት ላይ አይጣልም። ቶሎ ይወርዳል፣ ግን እጅ ይቆጣጠረዋል። ውድድር የሚያስብ ሰው ከዙሮቹ ቢያንስ ግማሹን ደረት ላይ አቁሞ ቢሠራ ይሻላል፤ የዳኛው ትእዛዝ ይጠብቀዋልና። ሦስተኛው ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ከዘገየ ኪሎ ይቀነስ ወይም ለዕለቱ ይብቃ። ላብ እስኪንጠፈጠፍና እጅ እስኪንቀጠቀጥ መሥራት ሌላ ቀን ሌላ ቦታ አለው።

ሰንሰለትና ላስቲክ

ቀላል ብረት በፍጥነት ሲገፋ አንድ ችግር አለ። ክንዱ ሊዘረጋ ሲል ሰውነት ራሱን ለመጠበቅ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ የጉዞው የመጨረሻ ክፍል ብረቱን በማቀዝቀዝ ያልቃል። ዌስትሳይዶች መፍትሔ ያደረጉት ሰንሰለትና ላስቲክ ነው። ሰንሰለቱ ብረቱ ዝቅ ሲል መሬት ላይ ይከማቻል፤ ከፍ ሲል እየተነሳ ክብደት ይጨምራል።

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መተላለፊያ ናት። ያገለገለ ሰንሰለት ከጋራዥ ማግኘት አይቸግርም። ተመዝኖ፣ ግራና ቀኙ እኩል ተደርጎ ይሰቀል። የመኪና ከመነዳሪ በላስቲክ ፋንታ መጠቀም ግን አይመከርም። ያረጀ ጎማ ሳይታሰብ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ፊት ላይ ነው።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

ሲሞንስ ያሠለጠናቸው ብዙዎቹ ሊፍተሮች የቤንች ሸሚዝ የሚለብሱ ነበሩ። ሸሚዙ ብረቱን ከደረት ያነሳላቸዋል፤ እነሱን የሚያስቸግራቸው የላይኛው ክፍል ነው። ያለ ሸሚዝ የሚገፋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያዝበት ከደረት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በዚህ የተነሳ አንዳንድ አሰልጣኞች ዘዴው ያለ ሸሚዝ ለሚሠራ ብዙም አይጠቅምም ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ይመስላል። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ጥናትም የተሠራው ከ60 እስከ 80 በመቶ በሆነ ጭነት ነው። ስለዚህ የሚደግፈው በሙሉ ፍጥነት መግፋትን እንጂ የግድ ቀላል ኪሎን አይደለም። ለእኛ ልጆች ከ60 እስከ 70 በመቶ መሞከር ጥሩ መካከለኛ መንገድ ሊሆን ይችላል።

የማያከራክረው ከባዱን ቀን ለፍጥነት ብሎ መተው እንደማይቻል ነው። ጀማሪም ይህን ዘዴ አይፈልገውም። በትክክለኛ አያያዝ መደበኛ ቤንች እየሠራ ጥቂት ወራት ይቆይ።

አየር፣ ጾምና አካል ጉዳተኞች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች። አንዴ መግፋት በአየሩ መሳሳት ብዙም አይነካም። በዙሮች መካከል ያለው ማገገም ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ከቆላ መጥቶ ደሴ የሚሠራ ሰው ዕረፍቱን ከአንድ ደቂቃ ወደ ሁለት ደቂቃ ቢያስረዝም ይበጀዋል።

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት አገር ነው። በአንድ ጂም ረመዳን የሚጾምና ሁዳዴ የሚጾም ልጅ ብረት ይቀባበላሉ። በጾም ወቅት 4 ወይም 5 ዙር ብቻ የፍጥነት ሥራ መሥራት ይቻላል። ረመዳን የያዘ ሰው ከኢፍጣር በኋላ፣ ውኃ ጠጥቶ ቢሠራ ይመረጣል።

በፓራሊምፒክ ፓወርሊፍቲንግ የሚወዳደሩት በቤንች ፕረስ ብቻ ነው። ተወዳዳሪው እግሩን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ይገፋል። ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን በሪዮ 2016 የገፋው 310 ኪሎ ነው። በወሎ በጦርነት አካላቸው የተጎዳ ወጣቶች አሉ። ጂሞቻችን መግቢያቸው ደረጃ ካልሆነና አግዳሚያቸው ሰፋ ካለ፣ ከላይ የተዘረዘረው ዘዴ ለእነዚህ ወጣቶችም ይሠራል።