የሳፔሎ ጨዋማ ረግረግ፦ ብስባሹ ከየት ይመጣል፣ የቱስ ይቀራል?

ሳፔሎ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንቲክ ጠረፍ ላይ ያለች ደሴት ናት። ድልድይ የላትም፣ በጀልባ ነው የሚኬደው። ዙሪያዋን የከበበው አረንጓዴ ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት የግጦሽ መስክ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ጉልበት ድረስ የሚውጥ ጭቃ ነው፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላበታል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል።

ሜዳውን የሞላው ስፓርቲና የሚባል ሣር ነው። በሕይወት እያለ የሚበላው እምብዛም ነው። ቅጠሉ እዚያው ቆሞ ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ ይደቃል። አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ግን ዘዴ አላት፤ ቅጠሉን ትፍቅና ቁስሉ ላይ ኩሷን ትጥላለች፣ እዚያ የሚበቅለውን ፈንገስ ደግሞ ትበላለች። ግብርና ነው እንግዲህ!

ከሣሩ ሌላ ጭቃው ላይ እንደ ስስ ቆዳ የሚጋገር አልጌ፣ ማለትም ተክል መሰል ደቃቅ ሕያው ነገር፣ አለ። ተመራማሪው ላውረንስ ፖምሮይ እ.ኤ.አ. በ1959 የአልጌውን ምርት ለክቶ ቀላል እንዳልሆነ አሳይቷል። የአልታማሃ ወንዝም ከመሀል አገር ደለል ያመጣል።

የደሴቷ የቀድሞ ታሪክ ረጅም ነው፣ እዚህ አንገባበትም። ለኛ ጉዳይ ትልቁ ዓመት 1953 ነው። የትምባሆ ሀብት ወራሹ ሪቻርድ ሬይኖልድስ ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በር ከፈተና የባሕር ምርምር ተቋሙ ተመሠረተ። ዛሬ ስለ ጨዋማ ረግረግ ከምናውቀው ብዙው የተጀመረው እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆን ቲል በ1962 የረግረጉን የኃይል ሒሳብ ሠርቶ፣ ከምርቱ 45 በመቶ ያህሉን እዚያው የሚኖሩት እንስሳት ሳይጠቀሙበት ውኃው ጠርጎ ይወስደዋል አለ። የሥነ ምህዳር ሊቁ ዩጂን ኦደም ደግሞ ሐሳቡን አስፍቶ ረግረጉ የጠረፉን ባሕር ይመግባል ሲል ተከራከረ።

ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ የመጣው በ1970ዎቹ፣ ተመራማሪዋ ኤቭሊን ሄይንስ የካርቦን አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የካርቦን ዓይነቶች) ስትለካ ነው። ስፓርቲና የራሱ የካርቦን አሻራ አለው፤ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ግን አብዛኛው ያንን አሻራ አልያዘም፣ ወደ አልጌ ያደላል። ቆየት ብሎ በ1987 ብሩስ ፒተርሰንና ሮበርት ሃዋርዝ ድኝና ናይትሮጅንም ጨምረው ሲያዩ፣ እንስሳቱ ከስፓርቲናም ከአልጌም ይበላሉ የሚል መልስ አገኙ። የኦደም ሐሳብ ተሻሻለ እንጂ ወደቀ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ የሚቀረውስ? አብዛኛው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ጭቃው ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ሲሉ ኦክስጅን ያልቃል። ከዚያ በታች ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በባሕር ውኃው ሰልፌት (ድኝ ያለበት ጨው) እየተነፈሱ ያበሰብሳሉ፣ ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታም የነሱ ሥራ ነው። ሥራው አዝጋሚ ስለሆነ ጠንካራው የሥር ክፍል ይተርፋል፣ አዲስ ደለል ደግሞ ከላይ ይጭነዋል። ሰልፌት በበዛበት ደግሞ ሚቴን የሚባለው አየር ሙቀት የሚጨምር ጋዝ ብዙም አይወጣም።

በሰሜን፣ ማሳቹሴትስ በርንስተብል ላይ፣ ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ የ4,000 ዓመት ገደማ የሥርና የግንድ ክምችት አግኝቷል። የሳፔሎ ጭቃ ግን ደለል ይበዛበታል እንጂ እንደዚያ ጥቅጥቅ ያለ ብስባሽ አይደለም። በዓለም ደረጃ በ2003 የወጣ ግምት በካሬ ሜትር በዓመት 210 ግራም ገደማ ካርቦን ይቀበራል ይላል፤ ኋላ ቁጥሩን ዝቅ ያደረጉም አሉ።

ከ2000 ጀምሮ በደሴቷ ዙሪያ የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳር ጥናት እየተካሄደ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2001 እና በ2002፣ በጆርጂያ ጠረፍ ላይ ሣሩ በየቦታው እየደረቀ ራቁት ጭቃ ቀረ። ብዙዎች ምክንያቱን ከድርቁ ጋር ያያይዙታል። ሥሩ ሲሞት አዲስ ብስባሽ መጨመሩ ይቆማል፣ የቀረውን ጭቃም የሚይዘው ስለሌለ ውኃው እየሸረሸረ ይወስደዋል።