የዋቅላሚ መርዝ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የወንዝ ወይም የኩሬ ውሃ ካጠራጠረ አፍልቶ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ለታይፎይድና ለአሜባም ትክክለኛ መከላከያ ነው። የረጋ ውሃን አረንጓዴ አድርጎ የሚሸፍነው ዋቅላሚ (አልጌ) ለሚያመነጨው መርዝ ግን ማፍላት አይበጅም። መርዙ ሕይወት የሌለው ውህድ ስለሆነ እሳት አይገድለውም፤ በተበከለ ውሃ የተፈላ ቡና ጀበናው ውስጥ የቱንም ያህል ቢንተከተክ መርዙን እንደያዘ ይቀዳል። እንዲያውም ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያለው መርዝ ይጠናል።

ዋቅላሚ ወይም አልጌ የምንለው ሁሉ መርዛማ አይደለም። በሐይቅና በግድብ ውሃ ውስጥ መርዙን በዋናነት የሚያመነጩት በልማድ አረንጓዴ ሰማያዊ ዋቅላሚ ቢባሉም በእርግጥ ባክቴሪያ የሆኑት ሳያኖባክቴሪያዎች ናቸው። ፎስፈረስና ናይትሮጅን የበዛበት፣ ሞቅ ያለና የረጋ ውሃ ሲያገኙ በጥቂት ቀናት ተራብተው ገጹን ይሸፍናሉ። በጅማ ዙሪያ ከማሳ በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው አዌቱ ወንዝ የሚገባው ፍሳሽ፣ በቡና ለቀማ ወቅትም ከእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚለቀቀው ውሃ ለእነርሱ ቀለብ ሊሆን ይችላል። ውሃው በፍጥነት እስከፈሰሰ ድረስ ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ ዓይናችንን ልንጥልባቸው የሚገባው እንደ ቦዬ ረግረግና እንደ ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ባሉ ውሃ በሚተኛባቸው ስፍራዎች ላይ ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅ ይህ መርዝ ተለክቶ ተገኝቷል።

ከመርዞቹ በብዛት የሚታወቀው ማይክሮሲስቲን ጉበትን ያጠቃል፤ አናቶክሲንና ሳክሲቶክሲን የተባሉት ደግሞ ነርቭን ይጎዳሉ። በውሃው የዋኘ ሰው ቆዳው ሊያሳክከው፣ ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሕፃናት ሲጫወቱ ውሃ ስለሚውጡና ክብደታቸውም አነስተኛ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ በሚጠጣ ውሃ ውስጥ ማይክሮሲስቲን በሊትር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የመርዙን ክፋት በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ የደረሰው አደጋ ነው፤ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል የተበከለው ውሃ በእጥበቱ አማካይነት በቀጥታ ወደ ታካሚዎች ደም ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ጉበታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞተዋል።

እረኛም ሆነ ውሃ ቀጂ ቀላል ፍተሻ ማድረግ ይችላል። ረዘም ያለ እንጨት በአረንጓዴው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው እንደ ፀጉር የተንጠለጠለ ክር ከያዘ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ዋቅላሚ ነው፤ እንጨቱ ቀለም እንደተቀባ አረንጓዴ ከሆነ ግን ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ከዚያ መቅዳት አይገባም። የውሃውን ናሙና በጠራ ጠርሙስ ሞልቶ ሳይነካኩ ማሳደርም ይረዳል፤ ብዙዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች በውስጣቸው አየር የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ፍተሻዎቹ ጥርጣሬን ያስነሣሉ እንጂ የመርዙን መኖር አያረጋግጡም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እስከዚያው ከብቶችን ነፋስ አረንጓዴውን ከሚሰበስብበት ዳርቻ ማራቅ፣ የሚበላ ዓሣም ከተጠመደ መርዙ በይበልጥ የሚከማችበትን ጉበቱንና የሆድ ዕቃውን አውጥቶ መጣል፣ ሥጋውንም በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።